ሐጅ ዐብዱላህ ፊልቢ፦ የቅኝ ግዛት ሹም፣ የንጉሥ አማካሪ፣ የበረሃ መንገደኛ



የታላላቅ ሰዎችን ታሪክ ስንጽፍ ብዙውን ጊዜ የምንመርጠው ሕይወታቸው ከጫፍ እስከ ጫፍ አርአያ የሚሆነንን ነው። የዛሬው ሰው እንዲያ አይደለም። ለእንግሊዝ መንግሥት አሥራ ሰባት ዓመት ያህል ያገለገለ፣ ኋላም ከመንግሥቱ የተጣላ፣ እስልምናን የተቀበለ፣ የዐረቢያን በረሃ በእግርና በግመል የለካ፣ የሳዑዲን ነዳጅ ለአሜሪካኖች እንዲደርስ ያገዘ፣ ስለ ፍልስጤም ደግሞ እስከ ዛሬ የሚያሳዝን ሐሳብ ያቀረበ ሰው ነው። ስሙ ሃሪ ሴንት ጆን ፊልቢ፣ በኋላ ሐጅ ዐብዱላህ ፊልቢ ይባላል። ከዚህ ሰው የምንወስደውም የምንተወውም አለ ብለን ስለምናምን ታሪኩን እነሆ ብለናል። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነቱና ትምህርቱ

ፊልቢ ኤፕሪል 3 ቀን 1885 በሲሎን፣ በዛሬዋ ስሪላንካ፣ ባዱላ በተባለች ከተማ ተወለደ። አባቱ በሻይ ተክል ልማት የተሰማራ እንግሊዛዊ ነበር። ልጁ ግን ወደ እንግሊዝ ተልኮ በዌስትሚኒስተር ትምህርት ቤት ተማረ፤ ከዚያም ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ትሪኒቲ ኮሌጅ ገብቶ በቋንቋ ትምህርት በከፍተኛ ውጤት ተመረቀ። ተማሪ ሳለ የሶሻሊዝምን ሐሳብ ይደግፍ ነበር። የኢምፓየሩ ሹም ለመሆን ሲወስን ይህን ሐሳቡን አልጣለም። የሕይወቱ ቅራኔ ከዚያ ይጀምራል።

የዚያን ጊዜ የሕንድ ሲቪል ሰርቪስ ምን እንደነበረ ማወቅ ያስፈልጋል። 300 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ የሚኖርበትን አገር የሚያስተዳድሩት አንድ ሺህ ያህል ሹማምንት ነበሩ። መግቢያው በውድድር ፈተና ነው። ያለፈው ወጣት በሃያዎቹ መጀመሪያ ዕድሜው በማያውቀው አገር ግብር ይሰበስባል፣ ይዳኛል፣ የመሬት መዝገብ ያያል፣ መንገድና ቦይ ይቆጣጠራል። ስለዚህ ቋንቋ መማር ግዴታው ነበር፤ የሕዝቡን ቋንቋ የማያውቅ ሹም የአስተርጓሚው እስረኛ ነው።

ፊልቢ በ1908 ወደ ፑንጃብ ተመደበ። ኡርዱ፣ ፑንጃቢና ፋርሲ ተማረ፤ በኋላም በዐረብኛ ላይ አተኮረ። በ1910 ዶራ ጆንስተን የምትባል ሴት አገባ። በ1912 አምባላ ውስጥ ልጃቸው ኪም ተወለደ፤ በዚህ ልጅ ላይ ኋላ እንመለሳለን። በቢሮ ውስጥ ፊልቢ ታታሪና ፈጣን ቢሆንም ከአለቆቹ ጋር መስማማት አይችልም ነበር። ልክ ነኝ ብሎ ካመነ ወደ ኋላ አይልም። ይህ ጠባይ እስከ ዕለተ ሞቱ አልለቀቀውም።

ከኢራቅ እስከ ሪያድ

አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሳ እንግሊዞች ባስራን ከዑስማንያ መንግሥት ያዙ። ዐረብኛ የሚያውቅ የገንዘብና የግብር ሰው ያስፈልጋቸው ስለነበር ፊልቢ በ1915 ከሕንድ ተዛውሮ በፐርሲ ኮክስ ሥር ተመደበ። በኖቬምበር 1917 ደግሞ ሕይወቱን የቀየረ ትዕዛዝ ደረሰው፤ ወደ ነጅድ ተጉዞ ከዐብዱልዐዚዝ ኢብን ሱዑድ ጋር እንዲነጋገር ተላከ። ዓላማው ግልጽ ነበር። እንግሊዝ ለኢብን ሱዑድ በወር 5,000 ፓውንድ ትከፍላለች፤ እሳቸው ደግሞ የዑስማንያ አጋር የሆነውን የሓኢል ገዥ ኢብን ረሺድን እንዲወጉ ትፈልጋለች።

ፊልቢ በሪያድ ያገኘው ሰው ማረከው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዐብዱልዐዚዝ የዐረቢያ መሪ ይሆናሉ ብሎ አመነ። የእንግሊዝ መንግሥት ግን በዋናነት ተስፋውን የጣለው በመካው ሸሪፍ ሑሴን ላይ ነበር። ሸሪፉ በሪያድና በሒጃዝ መካከል ያለው መንገድ አደገኛ ነው ይሉ ነበር። ፊልቢ ከባሕረ ሰላጤው ዳርቻ ተነስቶ በሪያድና በጣኢፍ በኩል እስከ ጂዳ ተጉዞ መንገዱ ክፍት መሆኑን በተግባር አሳየ። ሸሪፍ ሑሴን እጅግ ተቆጡ፤ በየብስ እንዳይመለስም ከለከሉት። በዚህ ጉዞና በቀጣዮቹ ምርምሮቹ የለንደኑ የንጉሣዊ ጂኦግራፊ ማኅበር በ1920 የወርቅ ሜዳሊያ ሸለመው።

ከጦርነቱ በኋላ ለዐረቦች የተገባው የነጻነት ቃል ታጠፈ። በ1920 ኢራቃውያን በእንግሊዝ ላይ ተነሱ። ፊልቢ በባግዳድ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ የሰይድ ጧሊብ አማካሪ ሆነ። ኢራቅ ሪፐብሊክ ትሁን የሚል አቋም ነበረው። መንግሥቱ ግን የሸሪፍ ሑሴንን ልጅ ፈይሰልን ለማንገሥ ቆርጦ ነበር። ሰይድ ጧሊብ በ1921 ተይዘው ወደ ሲሎን፣ ማለትም ፊልቢ ወደ ተወለደባት ደሴት፣ ተጋዙ። ፊልቢም ከሥራው ተነሳ።

በዚያው ዓመት መጨረሻ ሎውረንስን ተክቶ በትራንስጆርዳን የእንግሊዝ ዋና ተወካይ ሆኖ ዐማን ገባ። እዚያም በአሚር ዐብዱላህ ወጪና በኢየሩሳሌም በነበሩት አለቆቹ ፖሊሲ ላይ ተጣላ፤ በ1924 ሥራውን ለቀቀ። አርባ ዓመት ሳይሞላው የቅኝ ግዛት ሹመቱ በዚህ አበቃ።

ጂዳ እና ሸሃዳው

ንጉሥ ዐብዱልዐዚዝ ሒጃዝን ሲቆጣጠሩ ፊልቢ በጂዳ የንግድ ቢሮ ከፈተ። የፎርድ መኪና ወኪል ሆነ። ንግዱ ለብዙ ዓመታት አልቀናውም፤ መንግሥቱ ራሱ ገንዘብ አልነበረውምና የገዛውን ዕቃ ዋጋ በጊዜው መክፈል ይቸግረው ነበር። ያኔ የአገሪቱ ዋና ገቢ ከሑጃጆች የሚገኝ እንደነበር እናስታውስ። የሐጅ ቁጥር ሲቀንስ ግምጃ ቤቱ ይራቆታል።

በኦገስት 1930 ፊልቢ ሸሃዳ ያዘ። ንጉሡ ዐብዱላህ የሚል ስም አወጡለት። ወደ መካ ገባ፣ በቀጣዩ ዓመት ሐጅ አደረገ፣ በንጉሡ የምሽት መጅሊስ ቋሚ ተቀማጭ ሆነ። የአገሩ ሰዎች ያደረገው ለንግድና ለጉዞ ጥቅም ነው ብለው ተሳለቁበት። ጥቅም አላገኘም አይባልም፤ ከዚያ በፊት ሁለቱን ሐረሞች ማየት አይችልም ነበር፣ ለበረሃ ጉዞውም በር ተከፈተለት። ይሁን እንጂ ቀጣዩን ሠላሳ ዓመት በሙስሊምነት ኖሯል፤ የተቀበረውም በሙስሊሞች መቃብር ነው። የሰውን ልብ ሰንጥቆ ማየት ለማናችንም አልተሰጠም። ሸሃዳ ለያዘ ሰው ኒያውን ለአላህ እንተዋለን። ሥራውን ግን መመርመር እንችላለን፤ የምንመረምረውም ሥራውን ነው።

ሩብዕ አል-ኻሊ

ፊልቢ ለዓመታት የተመኘው ሩብዕ አል-ኻሊን፣ ያን ስፋቱ ከብዙ አገሮች የሚበልጥ የአሸዋ ባሕር፣ የመጀመሪያው አውሮፓዊ ሆኖ ማቋረጥ ነበር። በ1931 መጀመሪያ ግን በርትራም ቶማስ የተባለ ሌላ እንግሊዛዊ ከዶፋር ተነስቶ ዶሓ በመድረስ ቀደመው። ፊልቢ ቅስሙ ቢሰበርም አልተወውም። ንጉሡ በመጨረሻ ሲፈቅዱለት በጃንዋሪ 1932፣ ሮመዳን በገባበት ወር፣ ከሁፉፍ ተነሳ።

መንገድ መሪዎቹ ዋባር ስለምትባል በአላህ ቁጣ ስለጠፋች ከተማና በዚያ ስለሚገኝ ግመል የሚያህል የብረት ድንጋይ ይነግሩት ነበር። ሰዎቹ ቦታውን ከዓድ ሕዝቦች ታሪክ ጋር ያያይዙታል። ሲደርስ ያገኘው የከተማ ፍራሽ ሳይሆን ዙሪያቸው የተቃጠለ የሚመስል ጉድጓዶች ነው። ትልቁ ከ100 ሜትር በላይ ስፋት አለው። በዙሪያው ጥቁር የመስተዋት እንክብሎች ተበትነዋል፤ ሰዎቹ የዓድ ሴቶች ዕንቁ ናቸው ብለው ለቀሟቸው። ፊልቢ መጀመሪያ እሳተ ገሞራ መሰለው። ናሙናው ለንደን ሲመረመር ግን ብረቱ ኒኬል የተቀላቀለበት የሰማይ ድንጋይ ሆነ፤ መስተዋቱም በግጭቱ ሙቀት የቀለጠ አሸዋ ነው። የሚፈልገውን አላገኘም፤ ነገር ግን ያገኘውን በትክክል ስለመዘገበና ናሙና ስለያዘ የሱ ግምት ቢሳሳትም ሳይንሱ ተጠቀመ። ቤተ ሙከራ ለምንገባ ሁሉ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ከዚያ ወደ ምዕራብ ለመሻገር ያደረገው የመጀመሪያ ሙከራ ከሸፈ፤ ግመሎቹ ስለደከሙ ወደ ውሃ ጉድጓድ ተመለሱ። በሁለተኛው ግን ጥቂት ሰዎችን ብቻ ይዞ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ውሃ የሌለበትን ምድር አቋርጦ በማርች ሱለይል ገባ። በጉዞው ሁሉ የሙቀት መጠን፣ ከፍታ፣ የድንጋይ ዓይነት፣ የጉድጓድ ስም በየቀኑ ይጽፍ ነበር። አእዋፍም ይሰበስብ ነበር፤ በዐረቢያ የሚገኝ አንድ የቆቅ ዝርያ ሳይንሳዊ መጠሪያው በሱ ስም፣ አንድ ግንደ ቆርቁር ደግሞ በባለቤቱ በዶራ ስም ነው።

የነዳጅ ውል

አሁን ወደ ከባዱ ክፍል ደርሰናል። በዓለም የኢኮኖሚ ቀውስ ምክንያት የሑጃጆች ቁጥር አሽቆልቁሎ ንጉሡ በዕዳ ተጨንቀው ነበር። በ1931 ቻርልስ ክሬን የተባለ ባለጸጋ አሜሪካዊ ጂዳ መጣ፤ በዚህ ግንኙነት ፊልቢ እጁ ነበረበት። ክሬን ካርል ትዊቸል የተባለ መሐንዲስ ውሃና ማዕድን እንዲፈልግ ላከ። ከዚህ ተነስቶ የካሊፎርኒያው ስታንዳርድ ኦይል ለነዳጅ ፍለጋ ፈቃድ ጠየቀ። የእንግሊዝ ጥቅም ጎልቶ የሚታይበት የኢራቅ ነዳጅ ኩባንያም ሎንግሪግ የተባለ ተወካይ ላከ።

ፊልቢ የንጉሡ ወዳጅና አማካሪ ነው። በዚያው ጊዜ የካሊፎርኒያው ኩባንያ በወር 1,000 ዶላር እየከፈለው ያማክረው ነበር። የተፎካካሪው ኩባንያ ተወካይ ይህን አያውቅም፤ እንዲያውም ፊልቢን እንደ አገሩ ሰው አምኖ ያዋየው ነበር። ፊልቢ በበኩሉ ዓላማዬ ንጉሡ ከፍተኛውን ዋጋ እንዲያገኙ ማድረግ ነው ይል ነበር። ውሉ በሜይ 29 ቀን 1933 ጂዳ ላይ ተፈረመ። ለ60 ዓመት የሚቆይ ነበር። የመጀመሪያው ክፍያ 30,000 የወርቅ ፓውንድ ብድርና 5,000 የወርቅ ፓውንድ የዓመት ኪራይ ነው። አሜሪካ ወርቅ እንዳይወጣ ከልክላ ስለነበር 35,000ው የወርቅ ሳንቲም ከለንደን ተገዝቶ መጣ፤ ጂዳ በሚገኝ የሆላንዶች ባንክ ጠረጴዛ ላይ አንድ በአንድ ተቆጠረ። በማርች 1938 የደማም ቁጥር 7 ጉድጓድ ነዳጅ በብዛት ሰጠ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉም ያውቃል።

ንጉሡ በርግጥ ከተፎካካሪው የተሻለ ዋጋ አግኝተዋል። ሆኖም ለንጉሥ እየመከሩ ከገዢው ወገን ደመወዝ መቀበል አማና ነው ወይ? ብዙዎቻችን ነገ በጨረታ ኮሚቴ እንቀመጣለን፤ የዋጋ ማቅረቢያ እንከፍታለን፤ የሲሚንቶና የብረት ናሙና አጽዳቂ እንሆናለን። ለአሠሪው ጥቅም ነው ያደረግኩት የሚለው ማመካኛ ያኔም ዝግጁ ሆኖ ይጠብቀናል። ውጤቱ ስላማረ መንገዱ አይጸዳም። ለሁለት ወገን የሚያማክር ሰው ቢያንስ ሁለቱም ሊያውቁት ይገባል። ይህ የዲናችንም የሙያችንም መሠረት ነው።

የፍልስጤም ሐሳብ

በ1939 መጨረሻ ፊልቢ ለንደን ውስጥ ከጽዮናዊው መሪ ከካይም ዋይዝማን ጋር ተገናኘ። ያቀረበው ሐሳብ ይህ ነበር፦ ፍልስጤም ለአይሁዶች ትሰጥ፣ ነዋሪዎቿ ዐረቦች ወደ ሌላ ቦታ ተዛውረው ይስፈሩ፣ ለንጉሥ ዐብዱልዐዚዝ 20 ሚሊዮን ፓውንድ ይከፈል፣ የቀሩት የዐረብ አገሮችም ሙሉ ነጻነት ያግኙ። በስሌቱ ዐረቦች በአጠቃላይ ያተርፋሉ። ንጉሡ ግን በ1943 የፕሬዝዳንት ሩዝቬልት መልዕክተኛ ሲያነጋግራቸው ሐሳቡን እንደ ጉቦ ቆጥረው በቁጣ ውድቅ አደረጉት።

ለብዙ ዓመታት የዐረቦችን ነጻነት ሲሟገት የኖረ ሰው እንዴት ይህን አሰበ? እኛ እንደምናየው ከቅኝ ግዛት ሥራ ለቀቀ እንጂ የቅኝ ግዛት ሹም የአስተሳሰብ ልማድ አልለቀቀውም። ካርታ ዘርግቶ፣ የሕዝብ ቁጥር ይዞ፣ ይህ እዚህ ያ ደግሞ እዚያ ይሁን የሚል ልማድ ነው። የአንድ ገበሬ የወይራ ዛፍ፣ የአያቱ መቃብር፣ የሰፈሩ መስጂድ በዚያ ስሌት ውስጥ ቦታ የለውም። ባለቤቱ ያልተጠየቀበት ሽያጭ ሽያጭ አይደለም። መሐንዲስ፣ ኢኮኖሚስት ወይም አስተዳዳሪ ልንሆን የምንማር ሁሉ ግድብና መንገድ ስንነድፍ ከቁጥሩ በስተጀርባ ያለውን ቤተሰብ እንዳንረሳ ይህ ታሪክ ያስጠነቅቀናል።

በዚያው 1939 ፊልቢ ጦርነትን በመቃወም ለእንግሊዝ ፓርላማ ተወዳድሮ በእጅጉ ተሸነፈ። በ1940 ወደ አሜሪካ ለመሄድ ሲነሳ በመንግሥቱ ላይ በሚናገረው ነገር ምክንያት ቦምቤይ ላይ ተይዞ ወደ እንግሊዝ ተላከ፤ ለወራትም ታሰረ። በአንድ ወቅት ያገለገለው የሕንድ መንግሥት ነው ያሰረው።

አብረሃ በድንጋይ ላይ

ከጦርነቱ በኋላ ወደ ንጉሡ ተመለሰ፤ በሪያድ ሁለተኛ ቤተሰብ መሠረተ። በ1948 ደግሞ ዊልፍሬድ ቴሲጀር፣ ያ አዲስ አበባ በእንግሊዝ ሌጋሲዮን የተወለደው ተጓዥ፣ ያለ ፈቃድ በረሃውን አቋርጦ ሱለይል ሲደርስ በንጉሡ ትዕዛዝ ተያዘ፤ የተፈታው በፊልቢ አማላጅነት ነው።

ለኛ ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች ግን ከሁሉ የሚበልጠው የ1951 እና 1952 ጉዞው ነው። ስልሳ ስድስት ዓመት ሆኖት ከቤልጅየም ምሁራን ከሪክማንስ ቤተሰብና ከሊፐንስ ጋር ደቡብ ምዕራብ ሳዑዲን አሰሰ። ቡድኑ 12,000 ያህል የድንጋይ ላይ ጽሑፎችን መዘገበ። ከነዚህ መካከል በናጅራን አቅራቢያ የተገኙት የሒምየሩ ንጉሥ ዩሱፍ፣ ዙ ኑዋስ የምንለው፣ በ523 በሐበሾችና በናጅራን ላይ ያካሄደውን ዘመቻ ይናገራሉ። ብዙ ሙፈሲሮች በሱረቱል ቡሩጅ የተጠቀሱትን የጉድጓድ ባለቤቶች ከዚህ ክስተት ጋር ያያይዙታል። የአክሱሙ ንጉሥ ካሌብ ባሕር ተሻግሮ የዘመተውም ከዚህ በኋላ ነው። ሙረይጋን በተባለ የውሃ ጉድጓድ አጠገብ ደግሞ አብረሃ ራሱ ያስቀረጸው ጽሑፍ ተገኘ፤ በ552 በመካከለኛው ዐረቢያ ጎሳዎች ላይ ያደረገውን ዘመቻ ይተርካል። ዝሆንም መካም አልተጠቀሱበትም፤ ከዝሆን ዓመት ቀደም ያለ ሌላ ዘመቻ ነው የሚሉ ምሁራን ብዙ ናቸው። ያም ሆነ ይህ በሱረቱል ፊል ትምህርት ከልጅነታችን የምናውቀው አብረሃ ስሙና ዘመኑ በድንጋይ ላይ ቆሟል።

የነዚያ ጽሑፎች ፊደል የግዕዝ ፊደል ዘመድ ነው፤ ቁርኣንም ፊደልም የቆጠረ ኢትዮጵያዊ ወጣት ለዚህ ጥናት ከማንም ይልቅ ቅርብ ነው። ታሪካችንን ሌሎች ፈልገው አገኙት፤ ማንበቡንም ለነሱ ብቻ መተው የለብንም።

የመጨረሻ ዓመታት

ንጉሥ ዐብዱልዐዚዝ በኖቬምበር 1953 ወደ አኺራ ሄዱ። የነዳጅ ገንዘቡ በቤተ መንግሥት ብክነት አመጣ፤ ፊልቢም ዝም አላለም፤ በንግግርና በጽሑፍ ነቀፈ። በ1955 ከአገሪቱ ተባረረ። ገንዘቡ እንዲመጣ ያገዘው ሰው ገንዘቡ ያመጣውን በመንቀፉ ተሰደደ። ሊባኖስ ተቀመጠ፤ በቀጣዩ ዓመት እንዲመለስ ተፈቀደለት። ሴፕቴምበር 30 ቀን 1960 በቤይሩት አረፈ፤ በከተማይቱ የሙስሊሞች መቃብርም ተቀበረ። ያስቀበረው ልጁ ኪም ነው። ኪም ለእንግሊዝ የስለላ ድርጅት እየሠራ ለብዙ ዓመታት የሶቭየት ኅብረት ሰላይ እንደነበር የታወቀው ከአባቱ ሞት በኋላ፣ በ1963 ከቤይሩት ወደ ሞስኮ ሲኮበልል ነው። አባት በወር ደመወዝ የጀመረውን የሁለት ወገን አገልግሎት ልጁ እስከ ጫፉ አደረሰው ብንል አናጋንንም።

ወንድሞችና እህቶች፣ የፊልቢን ትጋት እንውሰድ፦ የሕዝቡን ቋንቋ መማር፣ ያዩትን በዕለቱ መመዝገብ፣ የተሳሳተ ግምትን ለማስረጃ መልቀቅ፣ ለባለ ሥልጣን እውነትን መናገር። ሁለት ደመወዙንና በሰው አገር ላይ የሠራውን ስሌት እንተው። ኒያውን የሚያውቀው አላህ ነው፤ ፍርዱም የሱ ነው። አላህ ጠቃሚ ዕውቀትን ከአማና ጋር አጣምሮ ይስጠን፤ አሚን።

ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።